የሚያስቸግረው ማስወጣቱ ነው

«ይሳቡ፣ ይሳቡ፣ ይሳቡ… አሁን ይንፉት! ይንፉ! ይንፉ! እንዳያቆሙ እማማ፣ ገና ነው፣ ገና ነው፣ ይግፉት!»

ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ውስጥ ጠብ የተነሳ ቢመስለው አይፈረድበትም። ቦታው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የትንፋሽ መለኪያ ክፍል ነው። መጮህ የባለሙያው ሥራ ነው፤ በለሆሳስ ተናግሮ ትክክለኛ ውጤት አያገኝም። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሴት ስልሳን የተሻገሩ ናቸው። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ አፍንጫቸው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ የካርቶን ቱቦ በከንፈራቸው ገጥመው ይነፋሉ። ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አምስተኛው ላይ ቱቦውን ከአፋቸው አወጡና «አለቀብኝ እኮ ልጄ!» አሉ።

«አላለቀም እማማ፤ ውስጥ አለ። አልወጣ ብሎ ነው።»

ወጣቱ ለማጽናናት ያለው ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ የተሻለ የበሽታቸው መግለጫ አይገኝም። ሴትየዋ የመጡት «አየር ያንሰኛል» ብለው ነው። መሣሪያው የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ ሳንባቸው በአየር ተሞልቷል፣ የተሞላው አየር ደግሞ መውጫ አጥቷል። ጤነኛ ሰው በኃይል ሲተነፍስ በሳንባው ካለው ሊወጣ የሚችል አየር ከሦስት አራተኛ የሚበልጠውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያስወጣል። የእሳቸው ግማሹን እንኳ አልሞላም።

በያዙት ፌስታል ውስጥ የዓመታት ታሪክ አለ፦ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ፣ የአሞክሳሲሊን ባዶ ማሸጊያ፣ ጠርዙ የተጣጠፈ የደረት ራጅ። ምን እንደጀመራቸው ሲጠየቁ መልሳቸው የታወቀ ነው። «ብርድ ነው። እንጀራ ጋግሬ በላቤ ስወጣ ብርድ መታኝ።»

ብርድ በአገራችን የሌሎችን ጥፋት ሁሉ ይሸከማል። ደረት ሲወጋ ብርድ ነው፤ ሳል ሲሰነብት ብርድ ነው፤ ዳገት ላይ ሲያለከልክም ብርድ ነው። እርግጥ ቀዝቃዛ አየር አስም ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል። ነገር ግን ሁሉም የትንፋሽ ችግር አንድ ስም ሲይዝ ሕክምናውም አንድ ይሆናል፤ ሽሮፕና ፀረ ተሕዋስያን። መተንፈስ የግፊት፣ የጡንቻ፣ የቱቦና የመለጠጥ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ የተጎዳው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ቢሳካ እንኳ የሚሳካው በዕድል ነው።

ሳንባ አየር ለማስገባት የሚያገለግል የራሱ ጡንቻ የለውም። ከደረት ቢወጣ ተኮማትሮ ቁጭ ይላል። እንዲሰፋ የሚያደርገው በዙሪያው ያለው የደረት ቅጥር ነው። አንጥረኛ ወናፉን ሲከፍት አየሩን ማንም አይገፋውም፤ ወናፉ ስለሰፋ፣ በውስጡ ያለው ግፊትም ከውጭው ስላነሰ፣ አየሩ ራሱ ሰተት ብሎ ይገባል። ደረትም እንደዚያው ነው። ብዙዎቻችን አየር ስለገባ ደረታችን የሚነፋ ይመስለናል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ደረት ይሰፋል፣ አየር ይከተላል።

የዚህ ሥራ አውራ ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ነው። ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ ወደ ላይ የጎበጠ ሰፊ ጡንቻ ነው። ሲኮማተር ጉብታው ወደ ታች ይወርዳል፤ ተረጋግተን ስንተነፍስ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር፣ በረጅሙ ስንስብ ደግሞ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሆድ ወደ ፊት የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያዝዘው ነርቭ የሚነሳው ከደረት ሳይሆን ከአንገት ነው፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው የአንገት ነርቭ። በመኪና አደጋ አከርካሪው ደረቱ አካባቢ የተጎዳ ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ ተስኖት በራሱ መተንፈሱን የሚቀጥለው፣ ጉዳቱ ወደ አንገቱ ላይኛ ክፍል ሲወጣ ግን ያለ መሣሪያ መተንፈስ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

በሳንባና በደረት ቅጥር መካከል ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸው ትንሽ ፈሳሽ ብቻ። ሳንባው ሁልጊዜ መኮማተር ይፈልጋል፤ የደረት ቅጥር ወደ ውጭ መመለስ ይፈልጋል። በዚህ መጓተት የተነሳ በሁለቱ መካከል ያለው ግፊት፣ ዕረፍት ላይ ሆነን እንኳ፣ ከውጭው አየር በ5 ሴንቲ ሜትር የውኃ ልክ ያንሳል። ትንሽ ቁጥር ናት፤ ሳንባችንን ዘርግታ የያዘችው ግን እሷ ናት። ጩቤ ደረትን ቢበሳ፣ ወይም በሳንባ ገጽ ላይ ያለ የአየር ፊኛ ቢፈነዳ፣ አየር በሽፋኖቹ መካከል ይገባና መጓተቱ ይቋረጣል፤ ሳንባው ወደ ውስጥ ይሟሽሻል፣ ደረቱ ግን ይሰፋል። በዚያን ጊዜ ለበሽተኛው የሚያስፈልገው መርፌ ወይም ሽሮፕ አይደለም፤ አየሩን የሚያወጣ ቱቦ ነው።

መሳብ እንግዲህ ሥራ ነው። ማስወጣትስ? ጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ ለማስወጣት ምንም ጉልበት አያወጣም። ድያፍራሙ ይላላል፣ የተለጠጠው ሳንባ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አየሩም ይወጣል። ተኝተን በነፃ የምናገኘው አገልግሎት ነው። እማማን ለበሽታ የዳረጋቸው የዚህ ነፃ አገልግሎት መበላሸት ነው፤ በአስምና ሥር በሰደደ የሳንባ ቱቦ መጥበብ፣ በተለምዶ ሲኦፒዲ በሚባለው ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ሁሉ ታሪክም ይኸው ነው።

ማስወጣትን በዝርዝር ለመመርመር ካሰቡት ቀዳሚው ጆን ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 ለንደን ላይ ስፓይሮሜትር የሚባለውን መለኪያ ይፋ ሲያደርግ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አስተንፍሶ ነበር። መርከበኞች፣ ፖሊሶች፣ ቡጢኞች፣ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ሁሉ ነበሩበት። በረጅሙ ስቦ እስከ መጨረሻው የሚወጣው የአየር መጠን ከሰውየው ቁመት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳየ። ሃቺንሰን ይህን መጠን የሕይወት አቅም ብሎ ሲሰይመው መሣሪያው ለሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅቶችም ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር፤ ትንፋሹ ያነሰ ሰው ቶሎ ይሞታልና። ሐሳቡ ጭካኔ ቢጤ ያለበት ቢመስልም ስሌቱ ስሕተት አልነበረም። እሱ ራሱ ወደ አውስትራሊያ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1861 ፊጂ ደሴት ላይ ሞተ። ምን ያህል አየር ወጣ ከሚለው ይልቅ በምን ፍጥነት ወጣ የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ብዙ እንደሚናገር የተረጋገጠው ግን ከእሱ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ሮበር ቲፍኖ እ.ኤ.አ. በ1947 በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣውን መለካት አስተዋወቀ። ዛሬም ዓለም የሚሠራበት መለኪያ ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው ከ70 በመቶ ካነሰ ቱቦዎቹ ጠበዋል ማለት ነው።

መጥበብ ሲባል ምን ያህል? እዚህ ላይ አንድ ጨካኝ ሕግ አለ። ሌላ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ዣን ፖይዝዩይ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቀጭን ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽን ሲያጠና ያገኘው ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚገጥመው እንቅፋት በእጥፍ አይጨምርም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። አስም ያለበት ልጅ ማታ ደህና ተኝቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትራሱን ታቅፎ ተቀምጦ የሚገኘው ለዚህ ነው። የቱቦው ግድግዳ ትንሽ አበጠ፣ ዙሪያው ያለው ጡንቻ ትንሽ ተኮማተረ፣ አክታ ትንሽ ተጨመረ። ትንሽ ትንሹ ተደምሮ በ16 ይባዛል።

ሲስብ ደረት ስለሚሰፋ ቱቦዎቹም አብረው ይለጠጣሉ፤ ሲያስወጣ ግን ይጠባሉ። ስለዚህ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው ሲያስወጣ ነው። የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ይጨመርበታል፣ ከዚያም ሌላ።

የአስም መድኃኒት በአፍ የሚሳብ፣ በተለምዶ ፓፍ የሚባል መሆኑ እንግዲህ ምክንያት አለው፤ የታመመው ቱቦ ነው፣ መድኃኒቱም ወደ ቱቦው በቀጥታ ይሄዳል። አንድ የሳልቡታሞል ርጭት 100 ማይክሮግራም ነው። እንክብሉ 2 ወይም 4 ሚሊግራም ነው። አንዱ ባለ 4 ሚሊግራም እንክብል የ40 ርጭት መድኃኒት ይዟል ማለት ነው፤ አብዛኛው በደም ዞሮ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፣ ቱቦው ጋ የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ቤተሰብ «ፓፍ አታስለምዱት፣ ሱስ ይሆንበታል፣ ፓፍ የመጨረሻው ነው» ይላል። ፓፍ ሲሰጠው የፈራ፣ ሽሮፕ ሲሰጠው ያመሰገነ ወላጅ በየክሊኒኩ አለ። እኔ በግሌ ከአስም መድኃኒቶች ሁሉ ሊፈራ የሚገባው ምልክቱን ብቻ እያበረደ እብጠቱን የሚተወው ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ለብቻው ሲወሰድ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያም ለአዋቂዎች ሳልቡታሞል ብቻ እንዳይሰጥ ይመክራል፤ እብጠቱን የሚቀንሰው በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ አብሮት መኖር አለበት።

ሌላው ችግር አሳሳቡ ነው። ሲረጩና ሲስቡ እኩል ካልሄደ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ያርፋል። ለዚህ የተሠራው መካከለኛ ቱቦ በየፋርማሲው አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። መፍትሔው ግን ከማንም ቤት አይጠፋም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሄዘር ዛር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ተበስቶ ፓፉ ሲገጠምበት አስም ለተነሳባቸው ልጆች ከተገዛው እኩል ሠርቷል። የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው። ቀዳዳው ለፓፉ አፍ ልክ ሆኖ በደንብ መታሸግ አለበት፤ ልጁም በጠርሙሱ አፍ ረጋ ብሎ ይተነፍሳል።

እማማም በዚያ ክፍል አራት ርጭት ተሰጥቷቸው ሩብ ሰዓት ጠብቀው እንደገና ነፉ። አስም ቢሆን ኖሮ መሣሪያው የሚስለው ኩርባ ቀና ማለቱ ይጠበቅ ነበር። ትንሽ ብቻ ተሻሻለ፤ ሲኦፒዲ ነው።

ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግን ጉልቻ ሥር ተጎንብሰው ጋግረዋል፤ በእንጨት፣ በኩበት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል። ምጣዱን ለማጋል ቅጠል ሲጨመር ማድ ቤቱን የሚሞላውን ጭስ ያየ ሰው አይረሳውም። የዓለም ጤና ድርጅት በአየር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ብናኞች በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመክራል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መጠኑ በመቶዎችና ከዚያም በላይ ይቆጠራል። ድርጅቱ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ገምቷል።

ጭሱ የሚጎዳው ከሲጋራ ትንሽ በተለየ መንገድ ነው። የሲጋራ ጢስ የአየር ከረጢቶቹን ግድግዳ እየበላ ሳንባውን ያላላዋል። የእንጨት ጭስ ደግሞ ይበልጥ ትንንሾቹን ቱቦዎች ያጠቃል፤ ግድግዳቸው ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ በጠባሳ ይጠባል። መጨረሻቸው ግን ይገናኛል። አየር ገብቶ ይቀራል፣ ደረት እንደተነፋ ይኖራል፣ ወደ ላይ ጎብጦ የነበረው ድያፍራም ከላይ በተጫነው አየር ይዘረጋል። የተዘረጋ ድያፍራም ቢኮማተርም የሚወርድበት ቦታ የለውም። «አየር ያንሰኛል» የሚለው ስሜት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለመሳብ ይሞክራሉ፣ መሳቢያው ቀድሞ ተሞልቷል። ሲቸኩሉ ደግሞ ይብስባቸዋል። በፍጥነት የሚተነፍስ ሰው የሚያሳጥረው የማስወጫ ጊዜውን ነውና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትንሽ ትንሽ እያከማቸ ይሄዳል።

በኃይል መግፋትም አይጠቅምም። ደረት ሲጨመቅ አየሩ ብቻ ሳይሆን ቱቦዎቹም አብረው ይጨመቃሉ። ከመጀመሪያው ግፊት በኋላ የፈለገውን ያህል ቢታገሉ ፍጥነቱ አይጨምርም። እማማ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበታል። «ኪዳነ ምሕረት ዳገቱን ስወጣ ከንፈሬን እንዲህ አድርጌ ቀስ አድርጌ ካላወጣሁት አልችልም» አሉ፣ ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው። የሳንባ ባለሙያዎች ይህንኑ ለሕሙማን በሥልጠና ያስተምራሉ። በተሞጠሞጠ ከንፈር ሲወጣ ወደ ኋላ የሚመለሰው ትንሽ ግፊት ቱቦዎቹን ከውስጥ ከፍቶ ይይዛቸዋል፤ ጊዜም ይሰጣል።

ምድጃውን መቀየርስ? «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ጥሩ ፈጠራ ነው። እሳቱን ስለሚከልል እንጨት ይቆጥባል፣ የጋጋሪዋን ፊትም ከወላፈን ያድናል። ለሳንባ ግን ከእሱ ብዙ መጠበቅ ያሳዝናል። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን አካትቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የታተመው ትልቅ ጥናት፣ የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ያገኙ ቤተሰቦች ልጆች በሳንባ ምች የመያዛቸው መጠን ከሌሎቹ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ትንሽ የቀነሰ ጭስ አሁንም ብዙ ጭስ ነው፤ ጎረቤት ያቃጥላል፣ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ መኪና ይጨምራል። ትርጉም ያለው ለውጥ የሚመጣው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።

እስካሁን ያየነው ማስወጣት የሚቸግረውን ሳንባ ነው። ሌላው ወገን መስፋት እምቢ የሚለው ነው። ከእነዚህ በአገራችን ብዙ የሚታየው ቲቢ ትቶት የሚሄደው ጠባሳ ይመስለኛል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ስንነጋገር ስድስት ወር መድኃኒት፣ አክታ ነፃ፣ ዳነ ብለን እንዘጋዋለን። ተሕዋሱ በእርግጥ ሞቷል። ነገር ግን የተበላው የሳንባ ክፍል አይበቅልም፤ ቦታው በጠባሳ ይሞላል፣ ወይም ባዶ ዋሻ ሆኖ ይቀራል፣ ሽፋኑም ሊወፍርና ሊጣበቅ ይችላል። ከዓመት በኋላ ያ ሰው እያሳለና እያለከለከ ይመጣል። ራጁ ያስፈራል። ቲቢው ተመለሰ ተብሎ ሌላ ስድስት ወር ይታዘዝለታል። በሞለኪውል የሚሠራው ምርመራም ሊያሳስት ይችላል፤ የሞተ ተሕዋስ ዘረ መል ከሕክምና በኋላም ለወራት ሊገኝ ይችላልና። በዚህ መንገድ መድኃኒት ለማያስፈልገው ሰው መድኃኒት፣ የትንፋሽ ልምምድና ክትትል ለሚያስፈልገው ደግሞ ምንም።

የደነደነ ሳንባ ያለው ሰው በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። ሰውነቱ የመረጠው ዘዴ ነው፤ ጠንካራውን ሳንባ ብዙ ከመለጠጥ ትንሽ ለጥጦ ቶሎ ቶሎ መደጋገም ጉልበት ይቆጥባል። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል። ከአፍንጫ እስከ ትንንሾቹ ቱቦዎች ያለው መንገድ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር ይይዛል፤ ይህ አየር ከደም ጋር ሳይገናኝ ገብቶ ይወጣል። ጤነኛ ሰው በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ በጠቅላላው 6 ሊትር ያንቀሳቅሳል፤ ከዚህ ከደም ጋር የሚገናኘው 4.2 ሊትር ነው። ሌላው ሰው ደግሞ 250 ሚሊ ሊትር እየሳበ 24 ጊዜ ይተነፍስ። ጠቅላላው ያው 6 ሊትር ነው። ከደም ጋር የሚገናኘው ግን 2.4 ሊትር ብቻ። በእጥፍ ፍጥነት እየተነፈሰ ግማሽ ያህል አገኘ። አልጋ አጠገብ ቆሞ የደቂቃ ትንፋሽ የሚቆጥር ነርስ የሚያነበው ይህን ነው፤ በየዋርዱ ቁጥሩ በግምት 20 ተብሎ ሲሞላ የማላይበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።

ከእማማ ፍጹም ተቃራኒ የሆነው ግን ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ነው። እሳቸው ማስወጣት ያቅታቸዋል፤ የሕፃኑ ሳንባ ሲያስወጣ ጨርሶ ይዘጋል። የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው፤ የውኃ ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ራሱ ይሰበሰባል፣ ከረጢቱንም ይዞት ይሰበሰባል። ይህን የሚከላከለው ሰርፋክታንት የሚባል ቅባት መሰል ንጥረ ነገር ነው፤ ሳንባ በበቂ መጠን የሚያመርተው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ እ.ኤ.አ. በ1959 የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ የጎደለው ይህ መሆኑን አሳዩ። እውቀቱ ግን ወዲያው መድኃኒት አልሆነም። ከአራት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደና በሦስተኛው ቀን በዚሁ በሽታ ሞተ። በወቅቱ በዓለም ኃያል የነበረ ሰው ለልጁ የሚገዛው መድኃኒት አልነበረም። ሰርፋክታንት በሕፃናት ላይ ሠርቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980 በጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ እጅ ነው።

በኢትዮጵያ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት 45 በመቶውን የገደለው ይኸው የትንፋሽ ችግር መሆኑን አግኝቷል። መድኃኒቱ ውድ ነው። ርካሹ ዘዴ ግን ፊዚክስ ነው። ሕፃኑ የሚያስወጣበት ቱቦ ጫፉ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሴንቲ ሜትር ከጠለቀ፣ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ለመውጣት 5 ሴንቲ ሜትር የውኃ ግፊት ማሸነፍ አለበት፤ ያ ግፊት ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። እማማ በከንፈራቸው የሚያደርጉትን ሕፃኑ በጠርሙስ ያገኘዋል። ዘዴው በ12 የአገራችን አጠቃላይ ሆስፒታሎች ከባድ የሳንባ ምችና የኦክስጅን እጥረት ባለባቸው ከፍ ያሉ ሕፃናት ላይ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት ከተለመደው ኦክስጅን የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የሠለጠነ ነርስና የማይቋረጥ ኦክስጅን ግን ይፈልጋል፤ ጠርሙሱ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

በዚህ ሁሉ ላይ የምንኖርበት ከፍታ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ሆነ ምጽዋ ያው 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጤነኛ ሰው ይህን አይሰማውም። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ውጤት ዓለምን አስገርሟል። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ ሄሞግሎቢናቸውም ባሕር ወለል ላይ እንደሚኖር ሰው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸውን በማወፈር፣ ቲቤታውያን ዝቅተኛ ኦክስጅንን ችለው በመኖር የተላመዱትን ከፍታ፣ የሰሜን ሰዎች በሦስተኛ መንገድ ተላምደውታል።

የታመመ ሳንባ ግን ይህ ትርፍ የለውም። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዝበት ኩርባ ላዩ ለጥ ያለ ነው፤ ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ግን ቁልቁለት ነው። ባሕር ወለል አጠገብ 92 በመቶ ይዞ ደህና የሚመስል የሲኦፒዲ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ቁልቁለቱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዋሽንግተን ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ አረጋውያን ይህን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ከመጡ በኋላ ነው። ሰው የሚፈራው በረራውን ነው፤ በአየር ላይ ሳሉ ኦክስጅን ቢያንስባቸውስ ብሎ። የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ግን በደመና ላይ ሲበሩ የውስጣቸው ግፊት በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው እንዳያንስ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ በውስጡ ያለው መንገደኛ፣ በሳንባው ስሌት፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ከባዱ ክፍል የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ነው፤ ዊልቸር ላይ ያልተቀመጡት እናት ሻንጣ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል፦ በዚህ ከፍታ ኦክስጅን ያስፈልገኛል ወይ፣ ካስፈለገኝስ ስንት ሊትር። ኦክስጅን የሚያመርተውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የሚይዝ ከሆነ ለአየር መንገዱ አስቀድሞ ያሳውቅ፤ መሣሪያው በ220 ቮልት ይሠራ እንደሆነ ይመልከት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በአቅራቢያው የተሞላ ሲሊንደር የሚያከራይ ይኑር አይኑር፣ ዘመድ ቀድሞ ያጣራለት።